«87 በመቶው የማሽን ነው» ያለኝ መሣሪያ

በአንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህራንን አሠለጥናለሁ። ዘንድሮ የእጩ መምህራኑን የፕራክቲከም (ትምህርት ቤት ወጥተው የሚያደርጉት የማስተማር ልምምድ) ሪፖርት ያረምኩት አንድ የኤአይ መለያ ድረ ገጽ አጠገቤ ከፍቼ ነው። ስሙን ልተወው። ነፃ ነው። ጽሑፉን ትለጥፍለታለህ፣ ስንት በመቶው የማሽን እንደሆነ በሦስት ሰከንድ ይነግርሃል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቢሯችን እንኳ ይሠራል። ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል።

የአንዷን ልጅ ሪፖርት 87 በመቶ አለኝ። ቢሮ ጠራኋት። «ቻትጂፒቲ ነው አይደል?» አልኳት። ምንም ሳትል ከቦርሳዋ ባለ 50 ሉክ ደብተር አወጣች። ሪፖርቱ በሙሉ በእጅ ተጽፏል፣ ስርዝ ድልዙ ለጉድ ነው፤ አንዱ ገጽ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሟል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታ መሣሪያውን ራሱን ፈተንኩት። ቻትጂፒቲ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ያዘጋጀሁትን ሞጁል ሰጠሁት፤ 64 በመቶ። ቻትጂፒቲ የጻፈውን ጥቂት ቃላት ቀያይሬ ሰጠሁት፤ «የሰው ነው»። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚያዩት ቀጣዩ ቃል ምን ያህል የሚገመት እንደሆነ ነው፤ በቀላሉ ከተገመተ «የማሽን ነው» ይላሉ። የኛ ልጆች እንግሊዝኛ ደግሞ ይገመታል። በ«ፈርስት ኦፍ ኦል» ጀምረው በ«ኢን ኮንክሉዥን» እንዲዘጉ ያስተማርናቸው እኛው ነን! በ2023 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 7 መለያዎችን፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) በጻፏቸው 91 ድርሰቶች ሲፈትኑ፣ መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላዩን የማሽን ነው ብለዋል። የቻትጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይም የራሱን መለያ በዚያው ዓመት ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዘግቶታል።

ይበልጥ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ ማንበብ ያቃተው የአንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ስም ከነትምህርት ቤቱ ተጽፏል። እጩ መምህሯንም ሳላስፈቅድ፣ የማን እንደሆነ ለማላውቀው ሰርቨር አስረከብኩት። በዚያው ሳምንት ያስተማርኩት ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ነበር።

ከ5 ኮከብ 1፤ እሷም ለፍጥነቱ። አሁን እጩ መምህራኑ ሪፖርታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ አምስት አምስት ደቂቃ እናወራለን። 43 ናቸው፤ ጊዜ ይበላል።

ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ኧረ ችግር የለም ቲቸር» አለችኝ። በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ጻፈችልኝ፦ «ቲቸር፣ የዚያን ነገር ሊንክ ይላኩልኝ፤ ስቀጠር እኔም ተማሪዎቼን እፈትሽበታለሁ።»

እስካሁን አልመለስኩላትም።