በደሴ ፒያሳ የሚገኝ ዓሣ ቤት፦ ለወዳጅና ለኳስ የሚመች ገበታ

በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ኬንያዊ ወዳጃችንን፣ ከሀገሩ ርቆ ብቻውን የሚያሳልፈውን ቅዳሜና እሑድ ከእኛ ጋር ደሴ እንዲያሳልፍ ስንጋብዘው፣ የት እንደምንቀመጥ መወሰኑ ብዙ አነጋግሮን ነበር። ከመካከላችን የክርስቲያን ሥጋ የሚበላ አለ፤ የሙስሊም ሥጋ የሚበላም አለ። በወሎ አብሮ መዋልና አብሮ ማደግ የተለመደ ቢሆንም፣ ሥጋ ሲቀርብ ግን ገበታው ለሁለት መከፈሉ አይቀርም። ዓሣ የአራጁን ሃይማኖት ስለማያስጠይቅ ሁላችንንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ያስቀምጠናል፤ በፒያሳ አካባቢ ወደሚገኘው ወደዚህ ቤት የወሰደንም ይኸው ነው።

ዓሣው የሚመጣው ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከሐይቅ ነው። አብዛኛው ቆሮሶ ሲሆን፣ ሙሉውን ከነጭንቅላቱ፣ ግራና ቀኝ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ ይጠበሳል። ጨውና ሎሚው በትልትሉ በኩል እስከ አጥንቱ ስለሚዘልቅ፣ ቆዳው ደርቆ ሲንኮሻኮሽ ውስጡ ግን ነጭና እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ዘይቱ በየጊዜው እንደሚቀየር ከሽታው መረዳት ይቻላል፤ የከረመ ዘይት የጥሩ ዓሣ ጠላት በመሆኑ ይህን ጥንቃቄ ከልቤ አደንቃለሁ። አብሮት የሚቀርበው ዳጣ ኃይለኛ ነው፤ ሚጥሚጣ ያልለመደ እንግዳ ያለው ሰው በትንሽ ሳህን ለብቻው እንዲቀርብለት ቢያዝ ይሻላል። ጉላሹ ግን ቲማቲም በዝቶበት የዓሣው ጣዕም ስለሚጠፋ፣ ጥብሱን ትቶ እሱን ማዘዝ አያዋጣም።

ወዳጃችን የኪሱሙ ልጅ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ስለ ዓሣ የሚሰጠው አስተያየት ከእኔ አስተያየት በላይ ስለሚመዝን፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲቀምስ ሁላችንም ዐይን ዐይኑን እናየው ነበር። እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለው ጥብስ በእጅ እየተቆረሰ ከኡጋሊ፣ ማለትም ከነጭ በቆሎ ዱቄት ጠንክሮ ከሚገነፋ ምግብና ከጎመን ጋር ይበላል። ይህን የሰማችው የቤቱ ባለቤት ሳንጠይቃት ከጓዳ የተቀቀለ ጎመን አምጥታ ከትሪው ጎን አስቀመጠችለት፤ ከሂሳቡም አላስገባችውም። ሰውዬው ብዙ የማይናገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ስለ እናቱ ማጀት ረጅም ወሬ አወራን። ስለዚህ ቤት በጎ ነገር እንድጽፍ ከምግቡ እኩል የገፋፋኝ ይህ መስተንግዶ ነው።

ኳሱን በተመለከተ፣ ቤቱ ሁለት ቴሌቪዥኖችን በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ስለሰቀለ ጀርባውን ሰጥቶ የሚቀመጥ ሰው የለም። ዘገባው በአማርኛ ሲሆን ድምፁም ጎረቤትን ለማነጋገር በሚያስችል ልክ ተመጥኗል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቅዳሜ ጨዋታዎች በእንግሊዞች የብርድ ወራት፣ የመጀመሪያው ከቀኑ 9:30፣ አብዛኞቹ ምሽት 12 ሰዓት፣ የመጨረሻው ደግሞ ምሽት 2:30 ይጀምራሉ፤ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደፊት ሲያዞሩ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቀድማሉ። የሚገርመው፣ የምሽቱን 12 ሰዓት ጨዋታዎች እንግሊዝ ውስጥ ያለ ተመልካች በቴሌቪዥን በቀጥታ አያያቸውም፤ ሰው ከስታዲየም እንዳይቀር ተብሎ በዚያ ሰዓት ማስተላለፍ ለረጅም ዘመን ተከልክሎ የኖረ ነውና። ኪሱሙና ደሴ ግን ጨዋታው በቀጥታ ስለሚታይ፣ ወዳጃችን ወንድሙ እቤት ሆኖ በሚያይበት ቅጽበት ያንኑ ጎል ከእኛ ጋር ያያል፤ አርሰናል ሲያገባ ስልኩ ወዲያው የሚጮኸውም ለዚህ ነው። በዕረፍት ሰዓት ወሬው ኬንያ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ጋር ወደምታስተናግደው የ2027 የአፍሪካ ዋንጫ ዞረ፤ እሱም ሁላችንንም ከወዲሁ ጋብዞናል።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ጨዋታው ሲጋጋል አስተናጋጆቹም ስክሪን ላይ ስለሚያፈጡ ትዕዛዝ ይዘገያል፤ መታጠቢያው አንድ ብቻ በመሆኑም ዓሣ በእጁ የበላ ሰው ሁሉ በዕረፍት ሰዓት እዚያ ይሰለፋል። በረንዳው ለዐይን ቢያምርም የጦሳ ተራራ ብርድ ከመሸ በኋላ አያስቀምጥም፤ በተለይ የኮምቦልቻን ሙቀት የለመደ እንግዳ ካለ ውስጥ መቀመጥ ግድ ነው። በዐቢይ ጾም ብዙ ምእመናን ዓሣም ስለማይበሉ፣ በዚያ ወቅት ገበታውን የሚያገናኘው ሽሮው ይሆናል፤ እሱም ፈልቶ ከነድስቱ የሚቀርብ፣ የማያሳፍር ነው።

ከኮምቦልቻ የሚመጣ ሰው የመጨረሻውን የቅዳሜ ጨዋታ አይቶ ልመለስ ቢል በዚያ ሰዓት ሚኒባስ ስለማያገኝ፣ ደሴ ለማደር አስቦ ቢመጣ ይሻለዋል። እኛም እንዲሁ አድርገን እሑድ ወደዚሁ ዓሣ ቤት ተመልሰን ሄድን፤ ትልልቁ ዓሣ ግን ከምሳ ሰዓት በፊት አልቆ ነበርና፣ እሑድ ለመሄድ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ደውሎ ቢያስቀምጥ እመክራለሁ።