አየር የሚያስተላልፍ ኮፈን ለድሮ መኪና፦ በእጅ የተቀደደ፣ በፕሬስ የወጣ፣ አሉሚኒየም ወይስ ፋይበር ግላስ?

ከቃሊቲ አልፎ በገላን ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ፣ እንዲሁም ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ባሉት የብረት ሥራ ቤቶች፣ ለቮልስ፣ ለፊያት 124 ወይም ለፔጆ 404 አየር የሚያስተላልፍ ኮፈን ማሠራት የሚፈልግ ሰው አራት ምርጫ ይቀርብለታል። አንደኛው ነባሩን ኮፈን በግራይንደር ቀድዶ የተቆረጠውን ጠርዝ በመዶሻ ማንሣት ነው፤ ሁለተኛው በፎርማና በፕሬስ የተሠራ የብረት ላሜራ፣ ሦስተኛው አሉሚኒየም፣ አራተኛው ደግሞ ፋይበር ግላስ ነው። ባለሙያው ብዙውን ጊዜ ጨዋታውን የሚጀምረው ከዋጋና ከክብደት ነው። ሁለት መኪና ካሠራሁ በኋላ እኔ የደረስኩበት ግን ሌላ ነው፤ ቀዳዳው የት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ከምን ይሠራል ከሚለው ይቀድማል፣ ቦታው ከተሳሳተ ውድ የሆነው ማቴሪያል ርካሹን አይበልጥምና።

በዚህ ጽሑፍ ባለከንፈር ቀዳዳ የምለው ላሜራው በአንድ ጎኑ ብቻ ተቆርጦ፣ በሌሎቹ ጎኖች ሳይለያይ እንደ ከንፈር ወደ ውጭ የሚነሣበትን ነው። ተራ ቀዳዳ ላሜራውን ያደክማል፤ ከንፈሩ ግን በመታጠፉ ምክንያት ለላሜራው ጥንካሬ ይጨምራል፣ ውሃንም በተወሰነ ደረጃ ይመልሳል።

ሞተራቸው ከፊት በሆነና በውሃ በሚቀዘቅዙት መኪኖች፣ ማለትም በፊያት 124ና በፔጆ 404 ዓይነቶቹ፣ የኮፈኑ ቀዳዳ ሥራ በራዲያተሩ አልፎ የሞቀውን አየር ማስወጣት ነው። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ከራዲያተሩ ጥቂት ወደ ኋላ ባለው የኮፈኑ ክፍል ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ አፉ ወደ ኋላ የዞረ ከንፈር እዚያ ቢቀመጥ ሙቀቱን ከውስጥ ይስባል። በፊት መስታወቱ ግርጌ ግን አየሩ ከመስታወቱ ጋር እየተጋጨ ስለሚታገድ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ እዚያ የተቀደደ ቀዳዳ ሙቀትን በማስወጣት ፋንታ አየር ወደ ውስጥ ያስገባና ራዲያተሩን ሊያልፍ የነበረውን አየር ይቃወማል። ለዓይን የሚያምረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የኋለኛው ቦታ ነው፤ ስለዚህ የመኪና ላሜራ የሚቀጠቅጠውና የሚያቃናው ባቱላሜራ «እዚህ ላይ ያምራል» ሲል መስማማት አይገባም።

በቮልስ ነገሩ ይገለበጣል። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር ይቀዘቅዛል፤ ማቀዝቀዣው ቬንቲላተር አየሩን የሚስበው ከሞተር ክፍሉ ውስጥ ሲሆን፣ የሞቀው አየር የሚወጣው በሞተሩ ሥር ነው። ስለዚህ በኋላ ኮፈኑ ላይ የሚሠራው ቀዳዳ ማስወጫ ሳይሆን ማስገቢያ ነው። ፋብሪካው ራሱ በዚህ መንገድ ሄዷል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ሞዴል ከፍ ያለ ሞተር ባላቸው ቮልሶች ኮፈን ላይ ሁለት ምድብ ቀዳዳ ጨመረ፣ በ1972 ሞዴል ደግሞ አራት ምድብ አደረሰው። እዚህ ላይ ገዢ የሚታለልበት ነገር አለ። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ኮፈኑ ስላጠረ፣ ከኋለኛው ዘመን ቮልስ የተነቀለ ባለቀዳዳ ኮፈን ከዚያ በፊት በተሠራ መኪና ላይ እንዲሁ አይገጥምም። መኪናዎ የኋለኛው ዘመን ከሆነ ግን ምንም ከማሠራትዎ በፊት አሮጌ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርደው የፋብሪካውን ኮፈን ይፈልጉ፤ ከተገኘ ከአራቱም ምርጫዎች ይበልጣል።

አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቬንቲላተሩ የሚያንቀሳቅሰው አየር ቀጭን በመሆኑ፣ ከሞጆ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ወይም እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የሚሄድ አሮጌ መኪና መጋሉ አያስገርምም። ሆኖም የሙቀቱ ምክንያት ሁልጊዜ የአየር እጥረት አይደለም። በቮልስ በሞተሩ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ጎማ ከተበላ ከሥር የወጣው የጋለ አየር ተመልሶ በቬንቲላተሩ ይሳባል፤ በውሃ በሚቀዘቅዘው መኪና ደግሞ የደፈነ ራዲያተር ወይም የማይከፈት ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ክዳን) ይኖራል። እነዚህ ሳይስተካከሉ ኮፈን መቅደድ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ንጽጽሩ እንለፍ። በእጅ የሚቀደደው ሥራ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ፎርማ አይጠይቅም፣ በአንድ ቀንም ሊያልቅ ይችላል። ጉድለቱ ግን ከጥቅሙ ይበዛል። በግራይንደር የተቆረጠ መስመር ጫፉ ሹል ሆኖ ስለሚቀር በንዝረት ብዛት ከዚያ ጫፍ ስንጥቅ ይነሣል፤ ይህ የሚቀነሰው መጀመሪያ በሁለቱም ጫፎች ክብ ቀዳዳ በትራፓኖ (በመብሻ) ተበስቶ ከሆነ ብቻ ነው። ከንፈሮቹም እኩል አይነሡም፣ ባቱላሜራውም እኩል ለማስመሰል ስቱኮ የሚባለውን መሙያ ልጥፍ ይሞላባቸዋል፤ ወፍራም ስቱኮ ደግሞ በሚንቀጠቀጥና በሚሞቅ ጠርዝ ላይ አይቆይም። በመጀመሪያው ቮልሴ ላይ ይህንኑ አሠርቼ ነበር። ከንፈሮቹ ወደ ላይ የተከፈቱ ስለነበሩ፣ በነሐሴ አንድ ቀን ከሰበታ ስመለስ ዝናቡ በቀጥታ ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ በሚሰጡት በዲስትሪቢዩተሩና በቦቢናው ላይ ወረደና ሞተሩ መሀል መንገድ ላይ ጠፋ። ኮፈኑ የመኪናው የራሱ ስለነበረ መመለሻም አልነበረውም። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ካለ ቢያንስ ዋናውን ኮፈን ጠቅልሎ ቤት ያስቀምጥና ሥራውን በሌላ አሮጌ ኮፈን ላይ ያሠራ።

በፕሬስ የሚወጣው ብረት ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፣ ለአብዛኛው ገዢም የሚበጀው እርሱ ነውና። ሥራው የሚጀምረው ብረት በማሽን በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ነው፤ ወንዴና ሴቴ ፎርማ ይቆረጣል፣ የወንዴው አንዱ ጠርዝ ስለታም ሆኖ ላሜራውን ይቆርጣል፣ የቀረው ክብ ሆኖ ይለጥጠዋል። ተገቢው ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ፎርማው አንድ ጊዜ ከተሠራ 20ኛው ከንፈር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ይሆናል፤ ወጪውም የሚከብደው በፎርማው ላይ ስለሆነ ሁለትና ሦስት ባለመኪኖች ተባብረው ቢያሠሩ ያዋጣቸዋል። ሦስት ነገሮችን ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የውስጠኛው ማጠናከሪያ ነው፤ የኮፈን የውስጥ ፍሬም በነጥብ ብየዳ የተያያዘ ስለሆነ ከፕሬስ በፊት መነጠል አለበት፣ አለዚያ ከንፈሩ ፍሬሙ በሌለበት ቦታ ብቻ ይወሰናል። ሁለተኛው መጨማደድ ነው፤ እያንዳንዱ ከንፈር ላሜራውን ወደ ራሱ ስለሚስብ ረድፉ ሲበዛ ጠፍጣፋው ኮፈን ይጣመማል፣ በመሆኑም አዲስ ላሜራ ከሆነ ከንፈሩ ቀድሞ ወጥቶ ጠርዙ በመጨረሻ መቆረጥ ይኖርበታል። ሦስተኛው የኮፈኑ ቅርጽ ነው፤ የፔጆና የፊያት ኮፈን ለጥ ያለ ስለሆነ በፕሬሱ ሥር በቀላሉ ይተኛል፣ በሁሉም አቅጣጫ የሚያብጠው የቮልስ ኮፈን ግን አይተኛም። ለቮልስ የሚሻለው ከንፈሮቹን በትንሽ ጠፍጣፋ ላሜራ ላይ አውጥቶ፣ ያንን በመዶሻና በአሸዋ ከረጢት ጎበጥ አድርጎ፣ ከዚያ በኮፈኑ ላይ በአጫጭር ነጥቦች እያቀዘቀዙ መበየድ ነው። ባለሙያው በአንድ ትንፋሽ ዙሪያውን በይዶ እጨርሳለሁ ካለ ላሜራው በሙቀት እንደሚሞገግ አይጠራጠሩ።

አሉሚኒየም ላይ ብዙ ሰው የሚማረከው በክብደቱ ነው፣ ቁጥሩም እውነት ነው። አንድ ካሬ ሜትር ባለ 0.8 ሚሊ ሜትር ብረት 6.3 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ተመሳሳይ ግትርነት ያለው ባለ 1.2 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም 3.2 ኪሎ ያህል ነው። ነገር ግን የሁሉም አሉሚኒየም ጠባይ አንድ አይደለም። 3003 ወይም 5052 የሚባሉት ዓይነቶች ከንፈር ሲወጣባቸው ይለጠጣሉ፤ 6061 ቲ6 የሚባለው ጠንካራው ግን በከንፈሩ ጫፎች ይሰነጠቃል። የላሜራውን ቁጥር የማያውቅ ነጋዴ የሸጠውን ይዞ ወደ ፕሬስ መሄድ ዕጣ መጣል ነው፤ መጀመሪያ በቁራጭ ላይ አንድ ከንፈር ይሞከር። ብየዳውም በአርጎን ጋዝ የሚሠራውን ዓይነት ይፈልጋል፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጠው እንደ ብረት ቀልቶ ሳያስጠነቅቅ ስለሆነ፣ በር የሚበይድ ጎበዝ ሁሉ አሉሚኒየም ይበይዳል ማለት አይደለም። በመጨረሻም አሉሚኒየሙ ከብረት ማጠፊያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ውሃ ከገባ ይበላል፤ ስለዚህ በመካከላቸው ቀለምና ጎማ ይግባ፣ ቡለኖቹም አሉሚኒየሙን በቀጥታ እንዳይነኩ ይለዩ። ረጅም ኮፈን ላላቸው የፊት ሞተር መኪኖች ይህ ሁሉ ድካም ያዋጣል። ለቮልስ ትንሽ ኮፈን ግን የሚቀነሰው አንድና ሁለት ኪሎ ስለሆነ ጥቅሙ አይታየኝም።

ፋይበር ግላስ የተወሳሰበ ቅርጽ በቀላሉ ይቀበላል፣ አይዝግም፣ ሞልዱ (ቅርጽ ማውጫው) ካለም በድጋሚ ይወጣል። ቀላል ነው የሚባለው ግን ይጋነናል፤ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ፋይበር ግላስ በካሬ ሜትር 4.5 ኪሎ ያህል ይመዝናልና ከአሉሚኒየም ይከብዳል። ከሞተር በላይ ለሚቀመጥ ነገር ደግሞ ዋናው ጥያቄ ሙቀት ነው፤ ተራው ፖሊስተር ሙጫ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት መለስለስ ይጀምራል፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሞተሩ የጠፋ መኪና ኮፈን ሥር ደግሞ ይህ ሙቀት እንግዳ አይደለም። በክረምት የሚሠራ ከሆነ ሌላም ችግር አለ፦ በቀዝቃዛና እርጥበት ባለው ዳስ ውስጥ ሙጫው በደንብ ሳይደርቅ ይቀራል፣ ከወራት በኋላም የቃጫው አሻራ በቀለሙ ላይ ይታያል። ለፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ላለው የጭቃ መከላከያ) ወይም ለጎን ማስጌጫ እመክረዋለሁ፤ ለኮፈን ግን የማጠፊያውና የመቆለፊያው ቦታ በብረት ሳህን ካልተጠናከረ አልቀበለውም።

ከውጭ አገር ተሠርቶ የሚመጣውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ጥራቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ኮፈን ሰፊ ዕቃ ስለሆነ ማጓጓዣው ይከብዳል፣ ቢመጣም ስልሳ ዓመት በጉድጓድ ላይ የተንቀጠቀጠ መኪና ክፍተቱ ከአዲስ ኮፈን ጋር እኩል አይሆንምና ባቱላሜራው አይቀርም።

እኔ ብጠየቅ ለቮልስ በፕሬስ የወጣ ብረት በሌላ አሮጌ ኮፈን ላይ፣ ለፊያትና ለፔጆ ደግሞ አቅም ካለ 3003 አሉሚኒየም፣ ከሌለ ያንኑ ብረት እመርጣለሁ። በቮልስ ላይ የከንፈሩ አፍ ወደ ታች ይዙር፤ ከጀርባውም ውሃ የሚሰበስብና በጎን የሚያፈስ ቀጭን ሳህን ይሠራ፤ ፋብሪካው በተከፋች ጣሪያ ቮልሶቹ ላይ ይህንኑ አድርጓል። የቀለሙን ዓይነት እንዳለ ማቆየት ይሻላል፤ ቀለም በሊብሬው ላይ የሚጻፍ ስለሆነ ለቦሎ በሚቀርቡበት ጊዜ ጥያቄ እንዳያስነሣ።

ቀሪውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ሁለት ነገር ይሞክሩ። ቀለም ሳይቀባ ኮፈኑን ገጥመው፣ በእያንዳንዱ ከንፈር አፍ ላይ አጭር የሱፍ ክር በፕላስተር ለጥፈው፣ ሌላ ሰው እየነዳ እርስዎ ከጎን በሚሄድ መኪና ክሩ ወደ ውስጥ መሳቡን ወይም ወደ ውጭ መውጣቱን ይመልከቱ። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑ ላይ በጎማ ቱቦ ለአሥር ደቂቃ ውሃ ያፍሱ፤ ሲከፍቱት ቦቢናውና ዲስትሪቢዩተሩ ደረቅ ከሆኑ ወደ ቀለም ቤት መውሰድ ይችላሉ።