ገብስማ ሁሉ ኮኮክ አይደለም፤ ለዘር አውራ የምትገዙ ተጠንቀቁ

ኮኮክ ገብስማ የሆነ የውጭ ዶሮ ዘር ነው። ሰሞኑን በጎንደር ቅዳሜ ገበያና አዘዞ አካባቢ «ንጹህ ኮኮክ ነው፣ ጫጩቶችህን ያገዝፍልሃል» እየተባለ ገብስማ አውራ ለወጥ ከሚሸጠው እጅግ በተወደደ ዋጋ እየተቸበቸበ ነው። ብዙው ድቅል ነው።

በንጹህ ኮኮክ አውራው ከሴቷ ነጣ ይላል። ገብስማነቱን ከአባቱም ከእናቱም ስለሚወርስ ነው፤ ሴቷ የምትወርሰው ከአባቷ ብቻ ነው። አባቱ ኮኮክ እናቱ የሐበሻ ዶሮ የሆነ አውራም ገብስማ ሆኖ ይወጣል፣ ግን የአንድ ወገን ብቻ ስለያዘ እንደ ሴቷ ይጠቁራል። ስለዚህ ኮኮክ ሴት ከጎኑ አቁማችሁ ክንፋቸውን ዘርግታችሁ አስተያዩ። እኩል ከጠቆሩ ተዉት። መንጣቱ ብቻውን ንጹህ ነው አያሰኝም፤ መጥቆሩ ግን ያጋልጠዋል።

ግዙፍ ቀይ አውራ ካሳዩአችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሳሶ የሚባለው የውጭ ዶሮ ነው። ለበዓል ወጥ ግሩም ነው። ለዘር ግን ራሱ ከተለያዩ ዘሮች የተዳቀለ ስለሆነ ልጆቹ አንድ ወጥ አይሆኑም፤ አንዱ ይገዝፋል፣ አንዱ ይቀጭጫል።

ሚዛኑንም አትመኑ። ገበያ ከማውጣታቸው በፊት በቆሎና ውሃ ያጠግቡታል፤ ጉሮሮው ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ዳብሱ፣ እንደ ኳስ ከተነፋ ጠዋት ሳይበላ ይመዘንልን በሉ። ያደገ የኮኮክ አውራ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይደርሳል፤ ግን 3 ኪሎን በ6 ወሩ የደረሰና በ18 ወሩ የደረሰ በምንም አይገናኙም። ሻጩ ዕድሜውን ካድበሰበሰ እግሩን ከኋላ እዩ፦ ገና ጉብ ያለች ነገር ብቻ ካለች ለጋ ነው፣ ረዝሞ ከሾለ ዓመት አልፎታል። ፍርምባው የተጣመመ ወይም ጣቶቹ የተቆለመሙ ከሆነ ቢገዝፍም አይሁንላችሁ።

ትልቁ ወጥመድ «አንድ አውራ ከዘጠኝ ቄብ ጋር» የሚባለው ጥቅል ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፣ አንድ አውራ እስከ 10 ሴት ይበቃል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ነው፤ እህትና ወንድም ሲዳቀሉ የሚፈለፈለው ያንሳል፣ የተፈለፈለውም ከወላጆቹ ያጥራል። አውራውን ከአንድ ቤት፣ ቄቦቹን ከሌላ ግዙ።

በአንድ ቀን የተፈለፈሉ፣ አንድ መኖ የበሉ ወንዶችን በ8 እና በ16 ሳምንት መዝኖ የጻፈ አርቢ ካገኛችሁ ዋጋው ቢወደድም እሱ ይሻላል፤ በሁለቱም ጊዜ ከፊት የነበረውን ውሰዱ። ገና የአንድ ቀን ጫጩት ሳለ «ትልቁን መርጬልሃለሁ» የሚላችሁ ግን የሚነግራችሁ የእንቁላሉን ትልቅነት ነው።

ገዝታችሁ ስትገቡ ፈንግል (የዶሮ ወረርሽኝ) ይዞ እንዳይገባ 14 ቀን ለብቻው አቆዩት። የድሮውን አውራ ካወጣችሁ በኋላም የ3 ሳምንት እንቁላል ብሉት እንጂ አታስታቅፉት፤ የቀድሞው አውራ ዘር በዶሮዋ ሆድ ይቆያል።