የጋራ ግቢያችንን ዲዛይን ያደረጉልን ሰዎች፦ ከአምስት ሦስት ተኩል

በአራት ሕንጻዎች መሃል ያለችውን የጋራ ቦታችንን ዲዛይን እንዲያደርጉ የቀጠርናቸው የላንድስኬፕ ባለሙያዎች አስረክበው ከሄዱ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ስማቸውን አልጠቅስም። እስካሁን ዝም ያልኩት ደግሞ ረስቼው አይደለም፤ የአትክልት ቦታ በተመረቀ ሳምንት የማያምር የለማ! ደረቅ ወቅት ይለፍበት፣ ዝናብ ይምታው፣ ልጅ ይራገጥበት፣ ያኔ እናወራለን ብዬ ነው።

መጀመሪያ የመጡ ቀን ሜትር እንኳን አልያዙም። ሁለት ሰዎች ጥግ ላይ ተቀምጠው ሦስት ቀን ሙሉ፣ ጠዋትም ቀትርም ማታም፣ ዝም ብለው ሲያዩን ዋሉ። እውነት ለመናገር «ለዚህ ነው የምንከፍለው?» ብዬ ካጉረመረሙት አንዱ እኔ ነኝ። በአራተኛው ቀን የግቢውን ካርታ ይዘው መጡ፤ ሰው የሚሄድበት፣ የሚቆምበት፣ ጭራሽ የማይደርስበት ቦታ በቀለም ተለይቶ። ከዋናው በር እስከ ሁለተኛው ሕንጻ ሣሩን ሰያፍ የሚቆርጥ አቋራጭ ነበረን። ኮሚቴው ለዓመታት ያልሞከረበት ነገር የለም፦ ገመድ ወጠረ፣ እሾህ ተከለ፣ «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» ብሎ ለጠፈ። ሰው ገመዱን ዘሎ ይሄዳል። እነሱ ምን አደረጉ? አቋራጩ ላይ ድንጋይ አነጠፉበት፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ሣሩን የሚረግጥ አላየሁም።

ከነዋሪው ጋር ባደረጉት ስብሰባም ላይ ብልህ ነበሩ። ሰውን «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብለህ ከጠየቅኸው ፏፏቴ፣ የኳስ ሜዳና የመኪና ማቆሚያ ይልሃል፣ ሦስቱንም በዚያች ጠባብ ቦታ። እነሱ ግን «ትናንት እዚህ የት ቆማችሁ? ለምን ተነስታችሁ ሄዳችሁ?» እያሉ ነው የጠየቁት። አንዷ እናት ልጇን ወደታች የማትልከው በመስኮት ስትመለከት ቁጥቋጦው ስለሚከልላት እንደሆነ ተናገረች። ቁጥቋጦው ከአንድ ሜትር በታች ተከረከመ፣ የነባሮቹ ዛፎች የታች ቅርንጫፎች ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ እንዲሆኑ ተመለመሉ። አሁን ከሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ልጅ መጠበቅ ይቻላል። ምሽት ላይ የነበረው ፍርሃትም ቀንሷል፤ ተደብቆ የሚቆምበት ጥግ የለማ።

ከሁሉ ያስገረሙኝ ግን አንድ አባት ናቸው። «አባባ፣ ለምን እዚህ አይቀመጡም?» ሲሏቸው «መቀመጡስ ቀላል ነው ልጄ፣ መነሳቱ ነው የሚቸግረኝ» አሉ። የድሮዎቹ አግዳሚዎች ዝቅ ያሉ፣ መደገፊያ የሌላቸው የሲሚንቶ ብሎኮች ነበሩ። አዲሶቹ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ጀርባና የእጅ መደገፊያ አላቸው። አባባ አሁን ጠዋት ጠዋት ከዚያ አይጠፉም።

ስለ ወንበር ከተነሳ፣ ዊልያም ዋይት የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኒውዮርክን አደባባዮች በካሜራ ሲከታተል አንድ የሚያስቅ ነገር አስተውሎ ነበር፦ ሰው ተንቀሳቃሽ ወንበር ሲያገኝ ከመቀመጡ በፊት ገፋ ያደርገዋል፣ አንዳንዴ ገፍቶ ገፍቶ እዚያው ቦታው ይመልሰዋል። የዚያው ከተማ ብራያንት ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1992 ታድሶ ሲከፈት ያልተቸነከሩ ወንበሮች የተቀመጡት በዚህ ሐሳብ ነው። እኛም ጋ ስድስት ያልተቸነከሩ ወንበሮች ይቀመጡ ሲባል ኮሚቴው «በሳምንቱ ይሰረቃሉ» ብሎ ጮኸ። እስከ ዛሬ የጠፋው አንድ ነው፣ እሱም የተገኘው ዘበኛው ክፍል ውስጥ።

የዊልቸር መወጣጫው ላይም አልተበገሩም። 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለን፤ በ1 ለ 12 ተዳፋት (ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት) ሲሰላ 7 ሜትር ከ20 ርዝመት ይፈልጋል። ሣሩን ይበላብናል፣ አሳጥሩት ተባሉ። «ያጠረ መወጣጫ በዊልቸር ላለ ሰው ግድግዳ ነው» ብለው እምቢ አሉ። ውሃ ይተኛበት የነበረውን ዝቅተኛ ቦታም አልደፈኑትም፤ ውሃ አስራጊ አፈር ሞልተው እርጥበትም ድርቀትም የሚችሉ ተክሎች ተከሉበት፣ የጣሪያ ውሃ ወደዚያ ይወርዳል። ጎረቤቶች ቢምቢ ያፈራል ብለው ፈርተው ነበር። ቢምቢ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ሳምንት አካባቢ ትፈልጋለች፣ የእኛ ውሃ ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ሰርጎ ያልቃል።

እስካሁን ያነበበ ሰው ታዲያ አንድ ተኩሉን ለምን ቀነስሽ ይለኛል። በዛፎቹ ምክንያት ነዋ!

ከተተከሉት 14 ዛፎች አምስቱ ሞተዋል። ተከላውን የሠራው እነሱ ያመጡት ተቋራጭ ነው፣ በዚያን ቀን ግን ከዲዛይነሮቹ አንድም ሰው አልነበረም። ችግኝ ሲተከል ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት፤ ጉድጓዱ ችግኙ ሥሩ ላይ ይዞት ከመጣው አፈር ሁለት ሦስት እጥፍ ይሰፋል እንጂ ከእሱ አይጠልቅም። የእኛዎቹ እንደ ምሰሶ ነው የተቀበሩት። አፈሩን የሚሸፍነውን ጉዝጓዝም ከግንዱ ፈቀቅ አድርገው በመዘርጋት ፋንታ ግንዱ ላይ ቆለሉት፣ ልጡ ታፍኖ በሰበሰ። በዚያ ላይ የግንባታ መኪናዎች የደፈጠጡት መሬት ሳይላላ ነው የተተከለው፤ አየርም ውሃም የማይገባው አፈር ውስጥ ሥር የት ይሂድ? ሦስት ቀን ሰው ሲያዩ የዋሉ ባለሙያዎች ተከላውን አንድ ቀን ማየት ነበረባቸው።

ሁለተኛው ደግሞ እንክብካቤው። ወጣት ዛፍ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት በደንብ መጠጣት አለበት። ሰነዳቸው ላይ ስለዚህ የተጻፈው «እንክብካቤ፦ በነዋሪው» የሚል አንድ መስመር ነው። ነዋሪው ማነው? እኔ ነኝ? የአራተኛው ፎቅ ሰውዬ ነው? ቧንቧው ከችግኞቹ 60 ሜትር ይርቃል፣ ማንም ያን ያህል የውሃ ጎማ አይጎትትም። ስለ ሰው አኳኋን ያን ሁሉ ያጠኑ ሰዎች ይህቺን እንዴት እንዳለፏት አይገባኝም።

የጓሮ አትክልት መደቦቹም ተመሳሳይ ናቸው። በዕጣ ለ12 ቤተሰብ ተከፋፈሉ፣ የመጀመሪያው ወቅት ደስ የሚል ነበር፣ በሁለተኛው ግማሹ አረም ለበሰ። ባለቤቱ ቢተወውስ ምን ይደረግ የሚል ደንብ አልነበረማ። በኋላ ራሳችን ተሰብስበን አንድ ወር ያልተነካ መደብ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ያልፋል አልን፣ ነገሩም ተስተካከለ። እኔ ይህን ደንብ እንደ ድንጋዩ ንጣፍ የዲዛይኑ አካል አድርጌ ነው የማየው። መብራቱ ደህና ነው፣ የተለየ የምለው የለኝም።

ደግሜ እቀጥራቸዋለሁ? አዎ፣ ግን ውሉ ላይ ተከላው በሚካሄድበት ቀን እንዲገኙ፣ ቧንቧ ሳይዘረጋ ችግኝ እንዳይመጣ፣ ከዓመት በኋላም ተመልሰው እንዲያዩት አስጽፌ፣ የመጨረሻውን ክፍያም እስከዚያ ይዤ። ስለሞቱት ዛፎች ስደውል የተመለሰልኝ «ዲዛይኑ ላይ ችግር የለም» የሚል ነው። ልክ ናቸው፣ ዲዛይኑ ላይ ችግር የለም። አምስቱ ጉድጓዶች ግን ዛሬም ክፍት ናቸው፣ ልጆቹ ብይ ይጫወቱባቸዋል።