ሜዲካል ኮዲንግ፦ የዘጠኝ ወር ሰርተፍኬት ወይስ የሁለት ዓመት ኮሌጅ?

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት ልጅ ያዘችኝ። ሜሪላንድ ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው። «እህቴ፣ ኮዲንግ በዘጠኝ ወር ያልቃል አሉኝ። ልመዝገብ?» አለችኝ። በዚህ ወር ብቻ ይህንን የጠየቀችኝ ሦስተኛዋ ሰው ናት። ስለዚህ ለሁሉም እዚሁ ልጻፈው። ሜዲካል ኮዲንግ ማለት የታካሚውን በሽታና የተሰጠውን ሕክምና ለመዝገብና ለኢንሹራንስ ክፍያ ወደ ኮድ መቀየር ነው።

ሁለቱንም ከፍዬ ተምሬያለሁ። መጀመሪያ የግል ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ዘጠኝ ወር፣ 13,800 ዶላር። ከዚያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብቼ በጤና መረጃ አስተዳደር የሁለት ዓመት ዲግሪ ያዝኩ። ምክሬን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ኮሌጁን ግቡ።

ዋጋውን እንይ። 13,800 ሲሉኝ የሙያ ማረጋገጫ ፈተናው ክፍያም ያለበት መስሎኝ ነበር፤ የለበትም። ሎኑን ዛሬም በየወሩ እየከፈልኩ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሦስት ዋጋ አለው፦ ለካውንቲው ነዋሪ፣ ከሌላ ካውንቲ ለሚመጣ፣ ከስቴቱ ውጭ ለሚመጣ። ቨርጂኒያ ካውንቲ አይለይም፤ ስቴቱ ውስጥ ዓመት መኖራችሁን ነው የሚያየው። የአድራሻ ማስረጃ ባለመያዙ ብቻ እጥፍ የከፈለ ልጅ አውቃለሁ።

ከዚያ ፔል ግራንት አለ፤ የፌዴራል መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ ነው። በ2024–25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ዲቪ ደርሶት ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ያገኛል፤ አሳይለም የተፈቀደለትም እንዲሁ። ጉዳዩ ገና ያላለቀለት አያገኝም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሌላ ነው፦ ከአገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ፔል አይሰጠውም። እኔ የመጣሁት በዲፕሎማ ስለነበር አገኘሁ። ዲግሪ ያላችሁ ትራንስክሪፕታችሁን አስገምግሙና ኮሌጁ ስንት ክሬዲት እንደሚቀበላችሁ ጠይቁ። ወጪው የሚቀነሰው እዚያ ጋ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልምጣ፤ ያቃጠለኝ እሱ ነው። 2021 ላይ ስንማር ትምህርት ቤቱ ያደለን የ2020 እትም ነበር። ጠርዙ የተጣጠፈ፣ የሌላ ተማሪ ቢጫ ቀለም የተሰመረበት። የኮድ መጽሐፍ እንደ ሌላው መጽሐፍ አይደለም። የበሽታ ኮዶች በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ይታደሳሉ፤ የሕክምና አገልግሎት ኮዶች ደግሞ ጃንዋሪ 1። ለአዲስ ታካሚ 99201 የሚባል ኮድ ነበር። እሱን ሳምንት ሙሉ አጠናሁት። ለካ ጃንዋሪ 1፣ 2021 ተሰርዟል። የወገብ ሕመም ኤም 54.5 ነበር፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ይህንን ያወቅሁት የሙከራ ፈተና ስሠራ ነው። መጽሐፌ ትክክል ያለውን ፈተናው ስህተት ይለዋል። መምህሩን ብጠይቀው «ዋናው ዘዴውን ማወቅ ነው» አለኝ። አዲሶቹን በራሴ ገንዘብ ገዛሁ።

ስለዚህ የአናቶሚና የሜዲካል ተርሚኖሎጂ መጽሐፍ አሮጌ ግዙ፤ ገንዘብ ይቆጥባል። የኮድ መጽሐፍ ግን የዓመቱ ይሁን። ፌስቡክ ላይ በ20 ዶላር የሚሸጠውን፣ ፎቶ ኮፒውንና በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ እለፉት።

ሲ ፒ ሲ የሚባለውን የኮደርነት ማረጋገጫ ፈተና አለፍኩ። ሆኖም የሥራ ልምድ ከሌላችሁ ከማዕረጉ ኋላ «ኤ» ትለጠፋለች፤ ለማጅ ማለት ነው። የምትነሳው ልምድ ሲቆጠር ነው። ማስታወቂያው ሁሉ ደግሞ ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ሰባት ወር ሙሉ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት እየሰጠሁ አመለከትኩ፤ አንድም ሰው አልጠራኝም።

የኮሌጁ ፕሮግራም ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ አለው። ዛሬ የምሠራው በተለማመድኩበት ክፍል ነው። አገር ቤት ካርድ ክፍል የምንለው ሥራ ማለት ነው፤ እዚህ ግን ኮዲንግም፣ የመዝገብ ጥራት ቁጥጥርም፣ መረጃ ለሚገባው ሰው መስጠትም አንድ ላይ ነው። አንዱ ባይሳካ ሌላው በር አለ።

አር ኤች አይ ቲ ለሚባለው የጤና መረጃ ቴክኒሻን ፈተና ለመቀመጥ፣ ካሂም የሚባለው የዚህ ሙያ ትምህርት መዛኝ አካል እውቅና ከሰጠው ፕሮግራም መመረቅ ግድ ነው። የዘጠኝ ወሩ ወረቀት ለዚህ አያበቃም። ከእሱ አንድ ክሬዲት እንኳ ኮሌጁ አልቆጠረልኝም። እኔ ስፈተን ክፍያው ፈተናውን ለሚሰጠው የሙያ ማኅበር፣ ለአሂማ፣ አባል 229፣ ላልሆነ 299 ዶላር ነበር። ገና ተማሪ ሳላችሁ አባል ሁኑ።

«አክሬዲትድ ነን» ሲሏችሁ አትርኩ። ትምህርት ቤቱ እውቅና ይኖረው ይሆናል፤ የምትጠይቁት ፕሮግራሙን ነው። በእኛ አካባቢ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ትምህርቱን ይሰጣሉ። የትም ብትመዘገቡ ግን ስሙን ካሂም ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ ፈልጉ፤ የመዝጋቢው ቃል አይበቃም።

የአጭር ጊዜው የሚጠቅመው ዶክተር ቢሮ ውስጥ ቢሊንግ ለዓመታት ሠርቶ ወረቀት ብቻ ለጎደለው ሰው ነው። እሱም ቢሆን 13,800 አይክፈል።

ልጅቷ ቅዳሜ ቤቴ መጣች። ቡና እየጠጣን ፋፍሳውን፣ የፔል ማመልከቻ ቅጹን፣ ሞላን። የቤት ኪራይ ውሉ በወንድሟ ስም ነው፤ መንጃ ፈቃዷ ላይ ያለው አድራሻም የድሮው ነው። ሰኞ መጀመሪያ እሱን ልትቀይር ትሄዳለች፤ የካውንቲውን ዋጋ የሚያስገኝላት እሱ ነው።