ጣሪያው ተከፍቶ የሚጠብቃችሁ ኮንቨርቲብል

ያገለገለ ኮንቨርቲብል፣ ማለትም ጣሪያው ታጥፎ የሚከፈት መኪና፣ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። መኪናውን ልታዩ ስትሄዱ ጣሪያው አስቀድሞ ተከፍቶ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። ተዘግቶ ጠብቋችሁ ሻጩ «ቆዩ፣ እኔው ልክፈትላችሁ» ካለም ጠርጥሩ።

ይህን የምጽፈው ጓደኛዬ ላይ የደረሰውን አይቼ ነው። መኪናውን ያገኘው በማስታወቂያ ነው። ሻጩ ጣሪያው ሲከፈት የሚያሳይ ቪዲዮ ላከለት። ቪዲዮው እውነትም ያምራል። ቀብድ ከፈለ። ለርክክቡ እኔም አብሬው ሄድኩ። ስንደርስ መኪናው ታጥቦ፣ ጣሪያው ተከፍቶ ቆሟል። «እስቲ ይዘጋ» አልን። ሻጩ ቁልፉን ተጫነ። መስኮቶቹ ወረዱ፣ የኋላው ክዳን ተነሳ፣ ጣሪያው ግማሽ መንገድ መጥቶ አየር ላይ ቀጥ አለ። «ባትሪው ደክሞ ነው» አለ። ሞተሩ ተነሳ። ያው ነው። «እንግዲያው ሴንሰር ናት፤ ትንሽ ነገር ናት፣ ማንም መካኒክ ያስተካክላታል።» ቀብዱ ይመለስ ሲባል ደግሞ ውሉ ተመዘዘ። መኪናው የሚሸጠው «ባለበት ሁኔታ» ነው፤ ገዢው ከተወው ቀብድ አይመለስም ይላል።

ሿሿ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኮንቨርቲብል ስትገዙ ከተራ መኪና በላይ የምትከፍሉት ለጣሪያው ነው። ሞተሩን፣ ማርሹን፣ ፍሬኑን ማንኛውም መካኒክ ያይላችኋል። ጣሪያውን ግን ብዙ መካኒክ መንካት አይፈልግም። ምክንያት አላቸው።

በኤሌክትሪክ የሚከፈት ጣሪያ አንድ እንቅስቃሴ ይመስላል እንጂ ተራውን ጠብቆ የሚሄድ ረጅም ሰልፍ ነው። መጀመሪያ መስኮቶቹ ትንሽ ይወርዳሉ። ከፊት መስታወቱ በላይ ያለው መቆለፊያ ይላቀቃል። በብዙዎቹ ላይ ከኋላ ያለው ክዳን ይነሳል። ጣሪያው ይታጠፋል፣ ይገባል፣ ክዳኑ ይመለስና ይቆለፋል። ይህን የሚያንቀሳቅሰው አንዳንዱ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ዘይት የሚገፋ የሃይድሮሊክ ፓምፕና ፒስተኖች ናቸው። በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሴንሰር «ጨርሻለሁ» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። አንዱ ዝም ካለ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ያቆማል። ጣሪያው አየር ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ «ሴንሰር ናት» የሚለው ነገር ውሸት ላይሆን ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው። የሞተ ሴንሰርም፣ የተቆረጠ ሽቦም፣ ዘይት የሚያፈስ ፒስተንም፣ አቅም ያነሰው ፓምፕም፣ ተጠማዝዞ የታጠፈ የጣሪያ ክንድም ውጤታቸው አንድ ነው፤ ጣሪያው መሃል ላይ ይቆማል። ሻጩ ከእነዚህ ሁሉ ርካሿን መርጦ ይነግራችኋል። ትንሽ ነገር ከሆነች ታዲያ ለምን ራሱ አሠርቶ በጥሩ ዋጋ አይሸጥም? ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ጠይቁት። መልሱን መስማት ብቻውን ያዝናናል።

ሻጮች ሰበብ የሚያገኙት መኪናው ራሱ ብዙ ቅድመ ሁኔታ ስላለው ነው። እነዚህን ካወቃችሁ ሰበቡ አንድ በአንድ ያልቅበታል። የባትሪ ጉልበት ከቀነሰ ብዙዎቹ ጣሪያዎች አይታዘዙም፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ሞተሩ ተነስቶ፣ ዲናሞው እየሞላ ሞክሩት። በብዙዎቹ ላይ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ጣሪያው የሚያርፍበትን ቦታ ከሻንጣ የሚለይ መጋረጃ ወይም መከለያ አለ። እሱ በቦታው ካልተያያዘ ጣሪያው ሊከፈት አይችልም። ራሳችሁ አያይዙት። የዕቃ መጫኛው ክዳን በደንብ መዘጋት አለበት። አንዳንዱ የፍሬን ፔዳል እንድትረግጡ ይፈልጋል። አንዳንዱ በጣም ሲቀዘቅዝ እምቢ ይላል። ደጋግማችሁ ከከፈታችሁና ከዘጋችሁ ደግሞ ፓምፑ እንዳይቃጠል ራሱን ለጊዜው ያጠፋል።

ፍጥነቱም ይለያያል። የማዝዳ ኤምኤክስ-5 አርኤፍ ጣሪያ የሚሠራው በሰዓት እስከ 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከ2018 ወዲህ የመጣው ቢኤምደብሊው ዜድ4 ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ 10 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። «ይሄኛው እኮ እየሄደ ነው የሚሠራው፣ ቆሞ አይሠራም» የሚላችሁ ካለ ግን አትስሙት። እየሄደ የሚሠራ ጣሪያ ቆሞም ይሠራል።

የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ጠይቁ። ከሌለ በሞዴሉና በዓመቱ ፈልጋችሁ የጣሪያውን ምዕራፍ አንብቡና ሂዱ። ሁሉም ሁኔታ ተሟልቶ ጣሪያው ካልሠራ ተበላሽቷል። ሌላ ትርጉም የለውም።

ሙከራውን እናንተ ናችሁ የምታደርጉት። ሻጩ ከመኪናው ወርዶ ይቁም። በስልክ አስቀድማችሁ «ጣሪያው ተዘግቶ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቀን» በሉ። ቁልፉን ጣታችሁን ሳታነሱ እስከ መጨረሻው ያዙት። ብዙዎቹ ላይ ጣት ከተነሳ ጣሪያው ባለበት ይቆማል፤ ሻጭ ይህንን «አያችሁ፣ እናንተ ስለለቀቃችሁት ነው» ለማለት ይጠቀምበታል። ሲያልቅ ድምፅ ወይም በዳሽቦርዱ ላይ መልእክት ይመጣል። እስከዚያ ጠብቁ። ከፍታችሁ ዝጉ። ከዚያ መኪናውን ንዱትና ስትመለሱ እንደገና ክፈቱና ዝጉ። ቀዝቅዞ የሚሠራ ሲሞቅ የሚያምጽ አለ፣ የዚህ ተቃራኒም አለ።

ጆሯችሁን ክፈቱ። ፓምፑ እየጮኸ ጣሪያው ካልተንቀሳቀሰ ዘይት ጎድሏል ወይም ግፊቱ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። አንዱ ጎን ቀድሞ ሌላው ከቀረ፣ ጣሪያው ተንጋዶ ከመጣ፣ አንደኛው ፒስተን ደክሞ ይሆናል። «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አንድ የብረት ክንድ የማይገባው ቦታ እየነካ ነው። ከፊት መስታወቱ በላይ ያለውን የጣሪያ ጨርቅ በእጃችሁ ዳስሱ፣ አሽትቱም። ጃጓር ኤክስኬ8 በዚህ ቦታ በሚያልፈው የዘይት ቱቦ የታወቀ ነው፤ ቱቦው ሲፈነዳ አረንጓዴው ዘይት በቀጥታ ሹፌሩ ላይ ይወርዳል። ከ1989 እስከ 2001 የተሠራው መርሴዲስ ኤስኤልም የፒስተን ማሸጊያዎቹ ሲያረጁ ዘይት ያንጠባጥባል። መኪኖቹ መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። ያረጀ ጎማ ዘይት አይዝም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ጥቂት ሰው የሚያውቀውን ላንሳ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ጣሪያዎች በአብዛኛው በእጅ የሚዘጉበት የአደጋ ጊዜ መንገድ አላቸው። ዝናብ ላይ ተበላሽቶ ሜዳ እንዳትቀሩ ነው። ሃይድሮሊክ ከሆነ የፓምፑን ቫልቭ በመፍቻ ትከፍቱና ግፊቱን ትለቃላችሁ። ከዚያ ሁለት ሰው ሆኖ ጣሪያውን አንስቶ ይመልሳል፤ ፊት ለፊት ያለው መቆለፊያ በባለስድስት ጎን መፍቻ ይጠመዘዛል። ይህ ለባለቤቱ በጎ ነገር ነው። ለአጭበርባሪ ደግሞ ወርቅ ነው። የማይሠራ ጣሪያ በእጅ ተዘግቶ ሲቆም ከደህናው በምንም አይለይም። «ዛሬ ሊዘንብ ይችላል፣ ባንከፍተው ይሻላል» ሲሏችሁ ነገሩ ገባችሁ? በእጅ የተዘጋ ጣሪያ ብዙ ጊዜ ዱካ ይተዋል። ከኋላ ወንበር ጀርባና ከዕቃ መጫኛው ጎን ያሉት የፕላስቲክ ሽፋኖች ተነቅለው ይሆናል፤ ክሊፖቻቸው ተሰብረው ይወዛወዛሉ። ከመኪናው ጋር የሚመጣው መፍቻ ከቦታው ጠፍቷል። የመቆለፊያው ቀዳዳ ዙሪያው ተጭሯል። ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ ጣሪያው አልተቆለፈም የሚል ምልክት ሊበራ ይችላል። እሱም ካልበራ፣ የሞተር ማስነሻው ቁልፍ ሲከፈት ሌሎቹ መብራቶች በሚበሩበት ሰዓት አብሮ መብራቱን እዩ። አምፖሉን የሚያጠፉ አሉ።

ውሃ ሌላው ጉድ ነው። ጨርቅም ሆነ ብረት፣ ጣሪያው ላይ የወረደው ውሃ በጣሪያው ማሸጊያ ጎማዎች ዙሪያ ተሰብስቦ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ መሬት ይወርዳል። ቱቦዎቹ በቅጠልና በአፈር ሲደፈኑ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ከዚያ ምንጣፍ ረጠበ ብቻ አይደለም። አምራቾች ኮምፒውተሮችን ወንበር ስር መቅበር ይወዳሉ። በመጀመሪያው ትውልድ ፖርሽ ቦክስተር ላይ የስርቆት መከላከያውና የቁልፉ ኮምፒውተር ያለው ወንበር ስር ነው፤ እዚያ ውሃ ከገባ መኪናው ላይነሳ ይችላል። በ2002 በመጣው ቢኤምደብሊው ዜድ4 ላይ ደግሞ የጣሪያው ሞተር የተቀመጠው ውሃው በሚወርድበት ጥግ ነው። ቱቦው ሲደፈን ሞተሩ ይሰምጣል። ማን እንዲህ አድርጎ እንደነደፈው ባውቅ ደስ ይለኛል።

ምንጣፉን በእጃችሁ ጫኑት፤ ከወንበር ስርም ጭምር። አዲስ ምንጣፍ በአሮጌ መኪና ውስጥ፣ ወይም አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽቶ ካለ ምን እንደሸፈነ ጠይቁ። ከቻላችሁ ጣሪያውን ዘግታችሁ በጎማ ቱቦ ውሃ በቀስታ አፍስሱበት። በኃይል የሚረጭ ማጠቢያ አትጠቀሙ፤ ደህናው ጣሪያም ውሃ እንዲያስገባ ያደርጋል። የቮልስዋገን ኢዮስ ጣሪያ 5 ክፍል ያለው ብረትና መስታወት ነው። ክፍል በበዛ ቁጥር የሚገናኝ ጎማ ይበዛል፤ ጎማ በበዛ ቁጥር ቅባትና እንክብካቤ ይበዛል። እንደዚህ ዓይነቱን ስትገዙ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ በጣታችሁ ፈትሹ።

የጨርቅ ጣሪያ ከሆነ የኋላውን መስኮት እዩ። የፕላስቲኩ መስኮት በፀሐይ ይደበዝዛል፣ በብርድ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ላይ ጣሪያውን ከማውረዳችሁ በፊት የመስኮቱን ዚፕ መፍታት አለባችሁ፤ ሻጩ ሳይፈታ ካወረደ መኪናውን እንዴት እንደያዘው ነገራችሁ ማለት ነው። እግረ መንገዴን ልበል፣ ይህች መኪና ጣሪያዋ በእጅ ነው የሚከፈተው። ፓምፕ የለ፣ ሴንሰር የለ። እኔን ብትጠይቁኝ በጀቱ ጠበብ ላለ ሰው በእጅ የሚከፈት ጣሪያ ይሻለዋል።

ወደ ምቾቱ ስንመጣ ማስታወቂያው «ፉል ኦፕሽን» ይላል። እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ። የወንበር ማሞቂያውን በሁለቱም ወንበር አብሩና ሙቀቱ እስኪሰማችሁ ተቀመጡበት። የቁልፉ መብራት ስለበራ ብቻ ምንም አያረጋግጥም። ከ2004 ጀምሮ መርሴዲስ ኤስኤልኬ ላይ የመጣው ኤርስካርፍ ከራስ መደገፊያው ስር ሙቅ አየር አንገት ላይ ይነፋል። እጃችሁን አስጠግታችሁ ሞክሩት። ከፊት መስታወቱ በላይና ከኋላ ወንበሮች ጀርባ የሚነሳው የንፋስ መከላከያ፣ ኤርካፕ የሚባለው፣ ካለም መነሳትና መመለሱን እዩ። ከወንበር ጀርባ የሚተከለው የንፋስ መከላከያ መረብ ብዙ ጊዜ «ቤት ነው፣ በኋላ አመጣላችኋለሁ» ይባላል። በኋላ የሚባል ነገር የለም። ያለ እሱ ፈጣን መንገድ ላይ ጣሪያ ከፍቶ መነጋገር አይቻልም፤ ለብቻው ሲገዛም ርካሽ አይደለም። አራቱም መስኮቶች በአንድ ቁልፍ የሚወርዱ ከሆነ ሞክሩት። ባትሪ ከተነቀለ በኋላ መስኮቶቹ እንደገና መለማመድ ያስፈልጋቸዋል፤ ወደ ላይ ዘግቶ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ መያዝ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይህን ሠርታችሁም በር ስትከፍቱ መስታወቱ ትንሽ ዝቅ ካላለ ችግር አለ፤ በሩ በተዘጋ ቁጥር ጎማውን ይቀደዋል።

የመገልበጥ አደጋ መከላከያው የማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ ደግሞ ድርድሩን አቁሙ። መኪናው ሲገለበጥ ከኋላ የሚፈነጠረው ብረት ጭንቅላታችሁን የሚያተርፍ ነው።

ውሉን በተመለከተ፣ «ባለበት ሁኔታ» የሚል ቃል ካለ ከጎኑ በጽሑፍ ይጨመር፦ ጣሪያው በርክክብ ቀን በገዢው እጅ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ካልሆነ ቀብዱ ይመለሳል። ሻጩ ይህን ካልፈረመ መልሱን ሰጥቷችኋል። ተጨማሪ ዋስትና እንድትገዙ ከጋበዛችሁም የማይሸፍነውን ዝርዝር መጀመሪያ አንብቡ። ብዙ የዋስትና ውሎች የጣሪያውን ጨርቅ፣ ጎማና የውሃ ጉዳት አይሸፍኑም፤ አንዳንዶቹ የጣሪያውን አሠራር በሙሉ ይተዉታል።

ከፍላችሁ ችግሩን ካገኛችሁት ደግሞ ጣሪያውን በጉልበት አትግፉት፣ ቁልፉንም ደጋግማችሁ አትጫኑ። የነበረው ጥፋት ላይ የእናንተ ይጨመርና ሻጩ «እነሱ ሰበሩት» ይላል። ሞተሩ ተነስቶ፣ ዳሽቦርዱና የኪሎ ሜትር ቁጥሩ እየታየ፣ ጣሪያው ሲቆም በቪዲዮ ቅረጹ። ማስታወቂያው ሳይጠፋ ፎቶ አንሱት፤ የተላከላችሁን ቪዲዮና መልእክት አስቀምጡ። በጣሪያ ላይ የሚሠራ ባለሙያ የስህተት ኮዶቹን በኮምፒውተር አንብቦ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ለሻጩ የምትነግሩትን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ላኩ። ጓደኛዬ አሁን ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮዶቹ ተነበዋል፣ ደብዳቤው ተልኳል፣ የተባለችው ሴንሰር ደህና ናት። የሚያፈሰው የቀኙ ፒስተን ነው።