ኮፐርኒከስን በጠረጴዛ ቴሌስኮፕ፦ ይገዛል ወይ?

አዎ፣ ኮፐርኒከስ የሚባለውን ትልቅ የጨረቃ ጉድጓድ ለማየት ይገዛል። ግን ሙሉ ጨረቃ ጠብቃችሁ ካወጣችሁት ትበሳጫላችሁ።

የማወራው ባለ 130 ሚሊሜትር መስታወት ስላለው አጭር የጠረጴዛ ቴሌስኮፕ ነው። በተለያየ የንግድ ስም ይሸጣል፤ ዕቃው ግን ያው ነው። የትኩረት ርዝመቱ (ብርሃኑ ከመስታወቱ ተነስቶ ምስል እስከሚሠራበት ያለው ርቀት) 650 ሚሊሜትር ነው፤ ይህን ለሌንሱ ሚሊሜትር ስታካፍሉት ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ይወጣል። አብረውት ሁለት የዓይን ሌንሶች ይመጣሉ፤ ባለ 25 ሚሊሜትሩ 26 ጊዜ ያጎላል፣ ባለ 10ሩ 65 ጊዜ። የእኔን አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣ ይዛልኝ መጣች። እግር የለውም፤ ክብ ጣውላ ላይ ነው የሚሽከረከረው። የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት ፎከሱን በነካችሁ ቁጥር ጨረቃዋ ትንቀጠቀጣለች። እኔ ጣሪያችን ላይ ለሮቶ የተሠራውን የሲሚንቶ መደብ ነው የምጠቀመው። ንቅንቅ አይልም።

ዕቃውን የፈተንኩት በኮፐርኒከስ ነው። ከጨረቃ ጉድጓዶች ሁሉ እሱን እወደዋለሁ። ስፋቱ 93 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ አዳማ የሚያደርስ ያህል ነው። ጥልቀቱ 3.8 ኪሎ ሜትር ገደማ። ምርጡ ጊዜ ጨረቃ ግማሽ ከሆነች ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፀሐይ ገና እዚያ እየወጣች ስለሆነ ጥላው ረጅም ነው። በ65 ጊዜ ማጉላት የምሥራቁ ግድግዳ ጥቁር ጥላ ሆኖ፣ የምዕራቡ ደግሞ ብርሃን ለብሶ ይታያል። ብርሃን ባለበት በኩል ዓይናችሁን አሳርፉ። ግድግዳው አንድ ወጥ አይደለም፤ እየተናደ ወደ ውስጥ የወረደ እርከን ነው፣ አንዱ ከሌላው በታች። መሀል ላይ ከጥላው ብቅ የሚሉት ትንንሽ ነጠብጣቦች ተራሮች ናቸው። ከፍተኛው ከወለሉ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ይነሳል። ከሰማይ የመጣው አለት ሲመታው የተጨፈለቀው መሬት መልሶ ወደ ላይ ሲነሳ ነው የተፈጠሩት። አየሩ ሲረጋ ለያይቼ አያቸዋለሁ። በዚህ መጠን ዕቃ ይህን ማየት በጣም ያስደስታል።

ሙሉ ጨረቃ ላይ ግን እርከኑም ተራራውም ይጠፋል። ጥላ የለማ! የሚቀረው እስከ 800 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋው ነጭ ጨረር፣ ማለትም ጉድጓዱ ሲፈጠር የተረጨው አፈር መስመር ነው። እሱን ለማየት 26 ጊዜ የሚያጎላው ሌንስ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 12 የተባለው ሰው የያዘ የአሜሪካ መንኮራኩር ያረፈው በአንዱ ጨረር አካባቢ ነበር። ካመጣው አፈር በመነሳት ኮፐርኒከስ 800 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚሆነው ይገመታል። ለጨረቃ ይሄ ወጣትነት ነው። ከጎኑ ያለው ኤራቶስተነስ የሚባል ጉድጓድ ግን በጣም ስላረጀ የራሱ ጨረር ደብዝዞ ጠፍቷል። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ተመልከቱ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ባለ 10 ሚሊሜትሩ ሌንስ ደካማ ነው። መሀሉ ጥርት ይላል፣ ዳር ዳሩ ይደበዝዛል። ገንዘብ ካተረፋችሁ ጥሩ ባለ 6 ሚሊሜትር ጨምሩ፤ 108 ጊዜ ያጎላል፣ እርከኖቹም ይበልጥ ይለያሉ። መስታወቱም በጉዞ ስለሚነቃነቅ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ከኋላ ያሉትን ብሎኖች በቀስታ ማዞር ነው። ምስሉ ተገልብጦ ነው የሚታየው፣ ለጨረቃ ግን ችግር የለውም።

ሌላው ጣጣ የአገራችን ነው። አዲስ አበባ ላይ ጨረቃ አናት ላይ ነው የምትደርሰው። ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲዞር ግራና ቀኝ ማስኬድ ያስቸግራል። ከአዲስ ጨረቃ በዘጠነኛዋ ሌሊት (ግማሽ ከሆነች ከሁለት ቀን በኋላ) ይህ የሚሆነው ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ነው። እንደመሸ ጀምሩ፣ ካልሆነም ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ውጡ። ክረምት ላይ ደመናው ስለማያስወጣ ለኅዳር አስባችሁ ግዙት።

ለቤተሰብ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ልጆች ካሉ ግን ቀን ቀን ቆልፉበት፤ ፀሐይ ላይ ካነጣጠሩበት ዓይን ያጠፋል።